ቅዳሜ ለትራክ፣ ሰኞ ለሥራ

አማተር የትራክ ነጂ የሚባለው በገዛ ገንዘቡና በገዛ መኪናው፣ ማንም ሳያስገድደው፣ በመኪና ውድድር ትራክ ላይ የሚነዳ ሰው ነው። ዋንጫ የለውም፤ ደመወዝ የለውም፤ ብዙ ጊዜ ሰዓት የሚይዝለት ሰው እንኳ የለም። ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ተነስቶ የልጁን መቀመጫ ከኋላ ይፈታል፣ ትርፍ ጎማውንና ምንጣፉን ያወርዳል፣ በሩ ላይ ቁጥር በፕላስተር ይለጥፋል፤ ማታ ሁሉንም ወደ ቦታው መልሶ ሰኞ በዚያችው መኪና ሥራ ይገባል። ዕቅዱ ቢያንስ እንዲህ ነው። ፍሬን ከሚያዝበት ቦታ ጀምሮ እስከ ጎማው ዓይነት ድረስ በዚህ ስፖርት ውስጥ ያለውን ውሳኔ ሁሉ ከጀርባ ሆና የምትመራው ይህችው ሰኞ ናት።

በአሜሪካ ልማዱን የያዙት በአብዛኛው የመኪና ክለቦች ናቸው። ክለቡ ትራኩን ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ይከራያል፤ የመጣውን ሰው ጀማሪ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ብሎ ይከፍለዋል፤ እያንዳንዱ ምድብ በተራው ለ20 ወይም ለ30 ደቂቃ ይገባል። ብዙ አማርኛ ተናጋሪ ከሚኖርበት ከዋሽንግተን አካባቢ ለሚነሳ ሰው በዌስት ቨርጂኒያ የሚገኘው ሰሚት ፖይንት የአንድ ሰዓት ተኩል ያህል መንገድ ነው። ጀማሪዎች መቅደም የሚችሉት በተወሰኑ ቀጥታ ቦታዎች ላይ፣ ያውም ከፊት ያለው ሰው እጁን በመስኮት አውጥቶ በየትኛው በኩል እንደሚያልፉ ሲያመለክታቸው ብቻ ነው። በከተማ መንገድ ፍሬቻ ላበራ ሰው አንድ ክንድ ቦታ የማይለቅ ሾፌር፣ እዚህ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር እየበረረ «እለፍ ጌታዬ» ሲል መታየቱ ስፖርቱ ካስገኛቸው ጥቂት ማኅበራዊ ጥቅሞች አንዱ ነው።

በጀርመን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአይፈል ኮረብቶች መካከል የሚገኘው ኑርቡርግሪንግ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ ሲሆን፣ ኖርድሽላይፈ የሚባለው የሰሜኑ ዙሩ ዛሬ 20.832 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ለሕዝብ በሚከፈትባቸው ሰዓታት በሕግ ፊት ትራክ አይደለም፤ ክፍያ የሚጠየቅበት ባለ አንድ አቅጣጫ መንገድ ነው። የአገሪቱ የትራፊክ ደንብ ይሠራበታል፣ መቅደም በግራ ብቻ ነው፣ መወዳደርና ሰዓት መያዝ ክልክል ነው። መንገዱ ከመርዘሙ የተነሳ በአንደኛው ጫፍ ፀሐይ ወጥቶ በሌላው ዝናብ ሊጥል ይችላል። ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ1976 ነጂው ኒኪ ላውዳ እዚያ በእሳት ተቃጥሎ ከሞት ከተረፈ በኋላ ወደዚህ ዙር ለውድድር አልተመለሰም። የዓለም ምርጥ ነጂዎች በቃን ብለው በተዉት መንገድ ላይ አንድ የጥርስ ሐኪም በቤተሰብ መኪናው ትኬት ቆርጦ ይገባል፤ ከኋላው ደግሞ አንድ ሒሳብ ሠራተኛ ይከተለዋል።

የነገሩ ቋጠሮ ያለው ጎማው ላይ ነው። ጎማ መሬት የሚይዝበት አቅም የተወሰነ ነው፤ ነጂው ያንን አቅም ለፍሬን፣ ለመታጠፍ ወይም ለመፍጠን ሊያውለው ይችላል። ሁሉን ለፍሬን ከጨረሰው ለመታጠፊያ የሚተርፍ ስለማይኖር መሪው ቢዞርም መኪናዋ ቀጥታ ትሄዳለች። ጎበዝ ነጂ የሚባለው ይህን አቅም ሳያባክንና ሳይተላለፍ የሚያከፋፍል ሰው ነው፤ ፍሬኑን ቀስ እያለ ሲለቅ በዚያው ልክ መሪውን እያጠፈ ይገባል። ችግሩ አቅሙ የት ላይ እንደሚያልቅ የሚጻፍበት ሰሌዳ አለመኖሩ ነው። ጎማው ሲሞቅ ድንበሩ ይለወጣል፣ አስፋልቱ ሲረጥብ ይለወጣል፣ ከፊት የነበረው መኪና ዘይት ቢያፈስ ይለወጣል። ድንበሩን ፈጽሞ ያልተጠጋ ሰው አይሻሻልም፤ ያለፈው ሰው ደግሞ ቤቱ የሚገባው መኪናዋን በጫነ ክሬን ውስጥ ተቀምጦ ነው።

ባለሙያ ተወዳዳሪ ድንበሩን ሲያልፍ ቡድኑ ሌላ መኪና ያቀርብለታል። አማተሩ ግን ቡድኑም መካኒኩም ከፋዩም ራሱ ነው። ብዙዎቹ የኢንሹራንስ ውሎች በውድድር ትራክ ላይ የደረሰን ጉዳት በግልጽ ያስቀራሉ፤ በአሜሪካ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ብቻ የሚገዛ የትራክ ኢንሹራንስ አለ፣ ዋጋው ግን ርካሽ አይደለም፣ ከጉዳቱም የመጀመሪያውን ድርሻ ባለቤቱ ይሸከማል። ኑርቡርግሪንግ ላይ የተጋጨ ሰው የራሱን መኪና ካስጠገነ በኋላም ነገሩ አያልቅም፤ ያጣመመው የብረት አጥር መጠገኛና የመኪና ማንሻው ዋጋ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል። በትራኮች አካባቢ የቆዩ ሰዎች «እዚያው ጥለኸው በታክሲ ለመመለስ የማትችለውን መኪና ይዘህ አትምጣ» ይላሉ። ምክሩ እንከን የለውም። በየመኪና ማቆሚያው ተደርድረው ገና ዕዳቸው ያላለቀ መኪኖችን ያየ ሰው ግን ስንቱ እንደሚሰማው ይረዳል።

እንግዲህ ጥያቄው እንዲህ ይሆናል፦ እያንዳንዷ ሰከንድ ምን ታስከፍላለች? ሁሉም ሰከንድ አንድ ዋጋ የለውም፤ አማተሮችም በብዛት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚጓጓው ፍሬን መያዝን ለማዘግየት ነው። ጀግንነት የሚመስለው እሱ ነው፤ ለጓደኛም ለማውራት የሚመቸው እሱ ነው። 600 ሜትር የሚሆን ቀጥታ መንገድ ይታሰብ። መኪናዋ ከኩርባ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ወጥታ፣ መንገዱ መጨረሻ ላይ ወደ 200 ተጠግታ፣ ለሚቀጥለው ኩርባ እንደገና ወደ 90 ትወርዳለች። ነጂው ፍሬን የሚይዝበትን ቦታ 5 ሜትር ወደፊት ቢገፋ የሚያተርፈው ከሰከንድ ሦስት ወይም አራት መቶኛ ያህል ነው። ሒሳቡን ስቶ ፍሬኑ ቀድሞውንም ጥግ ላይ ከነበረ ግን ያቺው 5 ሜትር ኩርባው ውስጥ በ90 ፋንታ በ97 ታስገባዋለች። የመታጠፍ ኃይል በፍጥነቱ ካሬ ስለሚያድግ ጎማው 16 በመቶ ተጨማሪ አቅም ይጠየቃል። ጎማው የለውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእህል ቢሆንም፣ ከሣር ውስጥ የመኪና ፓራውልት ስብርባሪ ለሚለቅም ሰውም ሳይቀየር ይሠራል።

አሁን ደግሞ ያው ነጂ ፍሬኑን እንደ ልማዱ ቀደም ብሎ ይዞ፣ ተረጋግቶ ገብቶ፣ ከኩርባው ሲወጣ በ90 ፋንታ በ93 ቢወጣ፣ በዚያው 600 ሜትር ላይ የሚያተርፈው ከአንድ እስከ ሁለት አሥረኛ ሰከንድ ነው፤ ማለትም ከፍሬኑ ጀብዱ ብዙ እጥፍ። ያተረፋት 3 ኪሎ ሜትር እስከ ቀጥታው መጨረሻ እየተጎተተች ትሠራለታለች። ኩርባው ቢበዛበት እንኳ የሚሳሳተው በዝቅተኛ ፍጥነት፣ መሪውን እየፈታ ባለበት ሰዓት ነው፤ እግሩን ትንሽ ማለዘብ ይበቃዋል። በዝግታ ገብቶ በፍጥነት መውጣት የሚለው ትምህርት በየትኛውም የትራክ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ቀን ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይም ይረሳል።

ፍሬን ሌላም ሒሳብ አለበት። 1,500 ኪሎ የምትመዝን መኪና ከ200 ወደ 100 ስትወርድ የምትለቀው ጉልበት፣ አንድ አንድ ሊትር የሚይዙ አምስት ጀበናዎችን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሙቀት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ወደ ፍሬን ሸራውና ዲስኩ ይገባል፤ በቀጣዩ ኩርባ አምስት ጀበና፣ ከዚያ በኋላ ሌላ አምስት። የከተማ ሸራ ለዚህ አልተሠራም። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን መፍላት ያለበት ከ230 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን እስከ 155 ሊወርድ ይችላል፣ ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት መጠጣት ይወዳል። ሲፈላ አረፋ ይሆናል፣ አረፋ ይጨመቃል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል፣ መኪናዋ ግን መንገዷን ትቀጥላለች። ለዚህ ነው አዲስ የፍሬን ዘይትና ጠንካራ ሸራ ከፈረስ ጉልበት መጨመሪያ ሁሉ በፊት የሚመጡት። ወደ ጋራዥ ሄዶ ዘይት አስቀይሮ የተመለሰ ሰው የሚያወራው ጀብዱ ስለሌለው ግን ብዙዎቹ ገንዘባቸውን ድምፅ በሚያጎላ የጭስ ማውጫ ላይ ያጠፋሉ።

ርካሹ ሰከንድ ያለው ዓይን ውስጥ ነው። ጀማሪ ከኮፈኑ ፊት ያለውን አስፋልት ያያል፤ የበሰለ ነጂ ገና ያልደረሰበትን የኩርባውን መውጫ ያያል። እጅ ዓይንን ስለሚከተል ግንቡን ያየ ወደ ግንቡ ይሄዳል። ሁለተኛው ርካሽ ነገር አንድ ዓይነት መሆን ነው። በአንዱ ዙር ፍሬን እዚህ፣ በሌላው እዚያ የሚይዝ ሰው የትኛው እንደጠቀመው ማወቅ አይችልም፤ ዙሮቹ በሦስት ሰከንድ እየተለያዩ አዲስ ጎማ ገዝቶ «በግማሽ ሰከንድ ፈጠነ» የሚል ሰው የሚያወራው ስለ ጎማው ሳይሆን ስለ ምኞቱ ነው። ዙሮቹ ሲመሳሰሉ ብቻ አንዱን ነገር፣ በአንድ ኩርባ፣ በትንሽ በትንሹ መቀየር ትርጉም ይኖረዋል።

የት ኩርባ ላይ ይሞከር የሚለው ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው፤ ስለ እሱ የሚወራው ግን ጥቂት ነው። አደጋ በትራኩ ላይ እኩል አልተከፋፈለም። ዝግ ያለ፣ ከውጭ በኩሉ ሰፊ ሜዳ ወይም ጠጠር ያለው ኩርባ ስህተትን ይቅር ይላል፤ እዚያ የተሳሳተ ሰው አቧራ ለብሶ፣ ትንሽ አፍሮ ይመለሳል። በሰዓት 180 የሚታጠፉትና ከጎኑ የብረት አጥር የቆመበት ኩርባ ላይ ግን የሚሞከር ነገር የለም፤ እዚያ ለዓመታት ከአቅም በታች መንዳት ፍርሃት ሊባል አይገባውም። ኖርድሽላይፈ ላይ አጥሩ በብዙ ቦታ ከመንገዱ ጥቂት ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ይቅር ባይ ኩርባ ብርቅ ነው። ኑርቡርግ ውስጥ ያደገችውና የቦታውን የ24 ሰዓት ውድድር እ.ኤ.አ. በ1996 እና በ1997 ካሸነፉት መካከል የነበረችው ሳቢነ ሽሚትስ፣ መንገደኛ እያሳፈረች ጭምር፣ ከ20 ሺህ ዙር በላይ እንደነዳችበት ይነገራል። በዓመት 20 ዙር የሚነዳ አማተር እሷ ዘንድ ለመድረስ አንድ ሺህ ዓመት ያስፈልገዋል። በሦስተኛው ጉብኝቱ «መንገዱን አሁን አውቄዋለሁ» የሚል ሰው ግን ከዚያ አይጠፋም።

ራስን ከፍ አድርጎ መገመት የአማተሮች ብቻ በሽታ አይደለም። ኦላ ስቬንሰን የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ከተጠየቁት አሜሪካውያን 93 በመቶ፣ ከስዊድናውያን 69 በመቶ የሚሆኑት በመንዳት ችሎታ ራሳቸውን ከላይኛው ግማሽ ውስጥ መድበዋል። ስዊድናውያን ትሑት መሆናቸው ከዚህ ይታያል። ሙኒክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከአንድ የታክሲ ድርጅት መኪኖች ከፊሎቹ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን ተገጥሞላቸው ሲነዱ፣ ሾፌሮቹ በዚያው ልክ ጠንከር እያሉ ስለሄዱ አደጋው አልቀነሰም። ኖርዌይ በበኩሏ ተማሪዎች በሚያንሸራትት መሬት ላይ መንዳትን ግዴታ አድርጋ ስታሠለጥን፣ በኋላ ሲመዘን የወጣት ወንዶች አደጋ ከመውረድ ይልቅ ከፍ ብሎ ተገኘ፤ መንሸራተትን እንቆጣጠራለን ብለው ስለሚያምኑ ከመንሸራተት መራቅን ትተዋል። ችሎታ ሲጨምር ሰው ትርፉን ለደኅንነት ከማስቀመጥ ይልቅ ወዲያው ለፍጥነት ያወጣዋል።

ስለዚህ በትራኩ ላይ አስፈሪው ጀማሪው አይደለም። ጀማሪ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ይጠብቀዋል። አስፈሪው በቅርቡ ወደ መካከለኛው ምድብ የተሸጋገረው፣ አስተማሪ ከጎኑ የተነሣለት፣ አዲስ ጎማ የገዛና አንድ ጊዜ ከእሱ የምትበልጥ መኪና የቀደመ ሰው ነው። ያቺ የቀደማት መኪና ሞተሯ ሞቆ ቀስ እያለች ወደ ማረፊያ እየገባች እንደነበር የሚነግረው የለም።

አስተማሪው ራሱ ልዩ ፍጡር ነው። በብዙ የአሜሪካ ክለቦች ደመወዙ ነፃ የትራክ ሰዓት ብቻ ነው፤ ለዚያች ብሎ የማያውቀው ሰው አጠገብ፣ በማያውቃት መኪና ውስጥ፣ ፍሬን በሌለበት በኩል ይቀመጣል። በሄልሜቱ ማይክሮፎን የሚለው ጥቂት ነው፦ «ዓይን ወደ ላይ»፣ «ጠብቅ»፣ «አሁን»። ዋና ሥራው በተፈጥሮ የሚመጡ ሦስት መጥፎ ልማዶችን መንቀል ነው። ኩርባ መሐል የፈራ ሰው እግሩን ከነዳጁ ድንገት ያነሳል፤ የመኪናዋ ክብደት ወደ ፊት ይሸሽና ኋላዋ ይለቃል። ሁለት ጎማው ሣር የነካበት ሰው መሪውን ወደ አስፋልት ይመነጭቃል፤ ጎማው አስፋልቱን ሲይዝ መኪናዋ ወደ ማዶው ግንብ ትወረወራለች። ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ በእርጋታ መመለስ ይሻለው ነበር። ሦስተኛው ግትርነት ነው፤ መኪናዋ መዞር ከጀመረች በኋላ ፍሪሲዮንና ፍሬን እስከ ወለል ረግጦ እንድትቆም መተው ሲገባው፣ ፊልም ላይ ያየውን ለመድገም በመሪው ይታገላል።

መከላከያ ዕቃን በተመለከተ ግማሽ መንገድ መሄድ አይመከርም። የመኪና ሄልሜት ከሞተር ብስክሌት ሄልሜት ይለያል፤ የመጀመሪያው እሳትን እንዲቋቋምም ይፈተናል። ትከሻን በሁለት በኩል የሚያስር የውድድር ቀበቶ ለራሱ የሚስማማ ወንበር፣ የጣሪያ ብረትና የአንገት መከላከያ ሳይኖረው ከፋብሪካው ቀበቶ የተሻለ አይደለም፤ መኪናዋ ብትገለበጥና ጣሪያዋ ቢወርድ ሰውየውን ቀጥ አድርጎ ይዞ ይጠብቀዋል። መንሸራተትን የሚቆጣጠረውን ኤሌክትሮኒክስ ማጥፋትም የብቃት ማረጋገጫ ተደርጎ ይወሰዳል። የሚሻለው ኤሌክትሮኒክሱ ሲሠራ የሚበራውን መብራት መቁጠር ነው፤ በአንድ ዙር ስድስት ጊዜ ብልጭ የሚልበት ሰው ቁልፉን ከማጥፋቱ በፊት ስድስት ጥያቄ አለበት።

ድንበሩን በርካሽ የሚማሩበት መንገድም አለ። ትንሽ ጉልበት ያላት ቀላል መኪና፣ ለምሳሌ ማዝዳ ሚያታ፣ የነጂዋን ስህተት በቀጥታ መንገድ ላይ በፈረስ ጉልበት አትሸፍንለትም፤ ስለዚህ ታስተምራለች። ባለ 500 ፈረስ ጉልበት መኪና የያዘ ሰው ኩርባ ላይ ሚያታዋ ስትደርስበት ቆይቶ በቀጥታው ያመልጣታል፤ ቀኑን ሙሉ ያንን እየደገመ ምንም ሳይማር ይውላል። ባዶ ሜዳ ላይ በፕላስቲክ ኮን መካከል መንዳት ጎማን እስከ ጥግ ያስሞክራል፣ የሚገጨውም ኮን ነው። ካርት አለ፤ ጎድን ያሳምማል እንጂ ቤት አያሸጥም። የኮምፒውተር ማስመሰያ የመቀመጫን ስሜት አይሰጥም፣ መንገዱን ግን በቃል ያስጠናል፤ ኖርድሽላይፈ ላይ ደግሞ ከኮረብታው ጀርባ ወዴት እንደሚታጠፍ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ዝናብ ሲመጣም አብዛኛው ሰው ቡና ፍለጋ ሲሄድ ጥቂቶች ይገባሉ፤ በእርጥብ አስፋልት ድንበሩ በዝቅተኛ ፍጥነት ስለሚገኝ፣ አጥሩ ሩቅ በሆነበት ኩርባ የአንድ ሰዓት ዝናብ የሁለት ደረቅ ቀን ያህል ያስተምራል።

የቀኑ የመጨረሻ ተራ በራሱ መጠንቀቅ የሚገባው ነገር ነው። ነጂው ደክሟል፣ ውሃ አልጠጣም፣ ሸራውና ጎማው ሳስተዋል፤ በጠዋት ያልተሳካለትን ኩርባ ግን ዛሬ ሳይበቀል መሄድ አይፈልግም። ያቺን ተራ ዘልሎ ዕቃውን የሚሰበስብ ሰው በአካባቢው እንደ ፈሪ ቢታይም፣ ሌሎቹ ወረፋ ላይ ሲቆሙ እሱ የትርፍ ጎማውን ብሎን እያጠበቀ ነው። የገባው ደግሞ የመጨረሻውን ዙር ፍሬን ሳይነካ ቀስ ብሎ ነድቶ መኪናዋን ማብረድ፣ ሲያቆምም የእጅ ፍሬን አለመያዝ አለበት፤ የጋለ ሸራ የጋለ ዲስክ ላይ ተጣብቆ ይቀራልና። የጎማ ዳዶዎቹን እንደገና መፈተሽም አይረሳም።

ከዚያ አውራ ጎዳናው ይመጣል። ቀኑን ሙሉ 200 የለመደ ዓይን በሰዓት 110 የምትሄደው መኪና የቆመች ይመስለዋል፤ ሳይታወቀው እግሩ ይከብዳል። ትራክ ላይ ሰማያዊ ባንዲራ የሚውለበለበው ከኋላ የሚፈጥን ሰው ስላለ እንዲያሳልፈው ለመንገር ነው። አውራ ጎዳና ላይ በስፖኪዮው ውስጥ ሰማያዊ መብራት ሲታይ ግን ማሳለፍ ብቻውን አይበቃም።